የእቴጌይቱ ቤት በደብረ ፀሐይ

በአገራችን የመኳንንቱ የገጠር ግቢ ዕድሜው እንደ ጌታው ዕድሜ ነበር፤ ጌታው ሲሾም በጥድና በወይራ ይቆማል፣ በሣር ይከደናል፤ ጌታው ሲሻር ወይም ሲሞት ደግሞ ምስጡና ክረምቱ ተባብረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መሬቱ ይመልሱታል፤ ስለዚህም የዛሬ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት ስማቸው አገር ያስጨንቅ የነበረውን የብዙዎቹን ባላባቶች ቤት «እዚህ ላይ ነበር» ብሎ ለማሳየት ከሽማግሌ ጣት በቀር ሌላ ምስክር አይገኝም። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ፣ ለእኔም ከሁሉ የቀረበው፣ እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከተማው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በምትባለው ደብር አጠገብ ያሠሩት ግንብ ነው።

በልጅነቴ ከተማው ገና ወደዚያ አልዘለቀም ነበርና፣ ወደ ቁስቋም ስንወጣ የመጨረሻዎቹን የከተማ አጥሮች ካለፍን በኋላ የቀሃን ወንዝ በድንጋዩ ላይ እየዘለልን እንሻገርና፣ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል በምትወጣ ቀጭን መንገድ ወደ ተራራው ሥር እንደርስ ነበር። ከሩቅ መጀመሪያ ለዓይን የሚገባው ግንቡ ሳይሆን የደብሩ ዐጸድ ነው፤ ጥዱና ወይራው ተጨናንቆ ከቆመበት ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ደን ውስጥ የግንቡ ጫፍ ብቅ የሚለው ቀርበው ሲያዩት ብቻ ነበር። በዚያው ደብር ከነበሩ አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ ዳዊት ስደግም ሳለሁ፣ ትምህርት ሲለቀቅ ለእኛ ለተማሪዎቹ ፍርስራሹ መፈንጫችን ሆኖ ነበር፤ ይህንም የኔታ ከቶ አይወዱትም፤ ድንጋይ ይወርድባችኋል ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በሰው ቤት አይገባም ብለውም ይቈጡን ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣ «የኔታ፣ እቴጌ በከተማው ውስጥ ያን የሚያህል ግንብ እያላቸው ስለ ምን እዚህ ድረስ መጥተው ሠሩ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «በከተማው ግንብ ሳሉ እሳት አይተዋላ፣ ልጄ፤ ሕፃን አቅፎ እሳት ማየት ምን እንደሆነ እናትህን ጠይቃት» አሉኝ።

የኔታ ያሉት ነገር በቅጡ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ ሳነብ ነው። እቴጌይቱ የቋራ ተወላጅ ነበሩ፤ ምንትዋብ በሚለው ስማቸው ይታወቁ እንጂ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ባላቸው ዐፄ በካፋ በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1730 ሲያርፉ፣ አልጋውን የወረሱት ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና በሕፃንነት ዕድሜ ላይ ነበሩና፣ እናቲቱ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ በ1732 ጠላቶቻቸው ሕዝቅያስ የሚባል ሌላ ንጉሥ አንግሠው በጎንደር ላይ ተነሡ፤ የነገሥታቱንም ግቢ ከበቡ፤ እናትና ልጅ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ተዘግተው፣ የቋራ ዘመዶቻቸውና ታማኝ የጦር አለቆቻቸው ደርሰው ከበባውን እስኪሰብሩላቸው ድረስ፣ ዕለት ዕለት የሞትን ድምፅ በአጥሩ ማዶ እየሰሙ ቆዩ።

የቁስቋም ሥራ የዚያ ዘመን፣ የ1730ዎቹ ሥራ ነው። እቴጌይቱም ለቤታቸውና ለደብራቸው ይህን ስም መምረጣቸው እንዲያው ለበረከት ብቻ አይመስለኝም፤ ቁስቋም ማለት እመቤታችን ከሄሮድስ ሰይፍ ልጇን ታቅፋ በተሰደደች ጊዜ መጠጊያ ያገኘችበት የግብፅ ተራራ ነውና፣ አባት የሌለውን ሕፃን ንጉሥ ይዘው ከበባ ያዩ እናት የማረፊያቸውን ቤት በዚያ ተራራ ስም መጥራታቸው፣ በዜና መዋዕል ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ልባቸውን የሚገልጥ ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ ይህን ግንብ በሄድሁበት ጊዜ ሁሉ የማየው እንደ ንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን እንደ እናት ቤት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ሥፍራው ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ነው፤ አንዱ ወገን የእግዚአብሔር ቤት፣ ሁለተኛው ወገን የእቴጌይቱ ቤት፤ ሁለቱም በወፍራም የድንጋይ ቅጽር የታጠሩ ሆነው፣ በቅጽሩ ላይ ጣራቸው እንደ እንቁላል የሾለ ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ ይህ የማማ አሠራር ከዐፄ ፋሲል ግንብ ጀምሮ የጎንደር ሐናጽያን መታወቂያ ነው። ከእቴጌይቱ ወገን ትልቁ ሕንጻ ረዘም ያለ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ ጫፉ ዙሪያውን እንደ ጥርስ የተከረከመ አዳራሽ ሲሆን፣ ከእርሱም ሌላ የመኖሪያ እልፍኝ፣ የአገልጋዮችና የወታደሮች ማደሪያ፣ የጸሎትም ቤት በግቢው ውስጥ ተዘርተው ይገኛሉ።

ግድግዳው የተሠራው ከዚያው ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ጠንካራና ለመጥረብ የሚያስቸግር በመሆኑ ሐናጺው ቅርጽ ለማውጣት አልደከመበትም፤ እንደ ተገኘ አቀማምጦ በኖራ አያያዘው እንጂ። ውበቱን ያስቀመጠው በሌላ ድንጋይ ነው፤ በሮቹና መስኮቶቹ ከላይ በቅስት የሚዘጉ ሆነው፣ የቅስቶቹ ጠርዝ ለመሮ በሚመች፣ ቀላ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተለብጧል፤ በዚሁ በቀዩ ድንጋይ የመስቀልና የእንስሳት ምስል እየተቀረጸ በግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጎንደር ውስጥ ካሉት ግንቦች መካከል በእንዲህ ያለ ጌጥ የቁስቋምን ያህል የተዋበ አላየሁም፤ የፋሲል ግንብ ያስፈራል፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ያስደንቃል፣ ይህ ግን የእጅ ሥራ የምትወድ ሴት ዓይን ያረፈበት መሆኑ ከሩቁ ይታወቃል። ጧት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትመታው ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ጠቆረ ይቀርና ቀዩ ብቻ ተለይቶ ይበራል፤ ደብረ ፀሐይ የሚለው ስም ከዚህ ጋር የተገናኘ ባይሆንም፣ እኛ ልጆቹ ግን ከዚህ የመጣ ይመስለን ነበር።

ከውስጥ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው። ወለሉና የደርቡ መካፈያ የእንጨት ነበርና እንጨቱ ጠፍቶ፣ ወጋግራው ያርፍባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረው በግድግዳው ላይ ቀርተዋል፤ በእነርሱ ቁመት ሰው የላይኛው ቤት ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደ ነበር ሊለካ ይችላል። እኛ ከታች ቆመን ወደ ላይኛው ደርብ በር ስናንጋጥጥ፣ ደረጃ የሌለው፣ ወለል የሌለው፣ በአየር ላይ የተከፈተ በር መሆኑ እጅግ ያስቀን ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን «ይህ መላእክት የሚገቡበት ነው» ብሎ ሲምል፣ ሌላው ደግሞ «ሌባ የሚወድቅበት ነው» ይል ነበር። የግድግዳውን ውፍረት የተረዳነው በመስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሆነን ተጠጋግተን በመቀመጥ ነው፤ በክረምት ዝናብ ሲደርስብን መጠለያችን ያ ነበር።

ስለ ኖራው አንድ ነገር ልጨምር። ኖራ ለግንብ ሥራ በአገራችን የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የማዘጋጀቱንም ጥበብ ያሳዩት ከሕንድ የመጡ ሰዎች እንደ ነበሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ይህን የማነሣው አንድ የቆየ ወሬ ስለሚያናድደኝ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ጎንደር በመጣ ቁጥር «ይህን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚል አስጎብኚ ወይም መጽሐፍ አያጣም። ዐፄ ፋሲል በፖርቱጋል ድጋፍ የመጡትን ኢየሱሳውያን ከአገር ያስወጡት በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጎንደርን የመንግሥት መቀመጫ ያደረጉት በ1636 ነው፤ የቁስቋም ግንብ የተሠራው ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ታዲያ የትኛው ፖርቱጋል ነው መቶ ዓመት ሙሉ ተደብቆ ኖሮ ለእቴጌ ግንብ የሠራላቸው? በእንፍራዝ አጠገብ ከጣና ባሕር በላይ የቆመው የጉዛራ ግንብም ቢሆን በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ጥበብ አዋቂው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ከመግባታቸው አስቀድሞ እንደ ተሠራ ይነገርለታል። ከሕንድ፣ ከቱርክ፣ ከፖርቱጋልም የተቀዳ ነገር የለበትም አልልም፤ ነገር ግን እጁ የአገር ልጅ እጅ ነው፤ ከእነዚያም እጆች ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል አናጢዎችና ግንበኞች እጆች ነበሩ፤ በወለቃና በጎንደር ዙሪያ የነበሩት እነዚህ ሰዎች በጥበባቸው ለነገሥታቱ ግንብ የደከሙትን ያህል ስማቸው በየትኛውም በር ጉበን ላይ አልተጻፈላቸውም።

ቤቱ ሲያልቅ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እቴጌይቱ ለደብሩ ጉልት ተክለው፣ ካህናትና ሊቃውንት ሰብስበው፣ መኳንንቱንና ወይዛዝርቱን በርስቱ ተካፋይ አድርገው፣ ከከተማው ውጭ ሁለተኛ ከተማ አቆሙ። ቤተ ክርስቲያኑ በሐርና በመስተዋት ተሸልሞ፣ በሥዕል ተውቦ፣ በዘመኑ ከነበሩት አድባራት ሁሉ እጅግ ባለጠጋ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። መልእክተኛውና ባለጉዳዩ ከጎንደር ግቢ ይልቅ ወደ ቁስቋም ማዘንበል ጀመረ፤ ምክንያቱም ንጉሡ በአደን ላይ በሚሆኑበት ጊዜ የሚመክር፣ የሚያስታርቅ፣ የሚሾም ሰው የሚገኘው በዚህ ነበርና። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ከጎናቸው ቆመው ነገሩን በልዝብ ሲይዙት፣ መንግሥቱ በቋራ ሰዎች እጅ ሠላሳ ዓመት ያህል ተደላድሎ ኖረ።

ነገር ግን ኢያሱ በ1755 በወጣትነታቸው አረፉ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሡ፣ የኢዮአስ እናት ውቢት ከየጁ የመጡ ነበሩና የእርሳቸውም ዘመዶች ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ፤ አማትና ምራት በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ሲሳሳቡ፣ የቋራ ሰውና የየጁ ሰው በአንድ አዳራሽ መብላት አቃተው። ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ የሚያስታርቅ ጠፋ፤ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ታላቅ ጦር ይዘው ለማስታረቅ ተጠርተው መጡና፣ በ1769 ዐፄ ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው ገደሉ። የዘመነ መሳፍንት በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው ይባላል። እቴጌይቱም የልጅ ልጃቸውን ሬሳ በቁስቋም አሳርፈው እዚያው ተቀመጡ፤ ሕፃን ልጃቸውን ከሰይፍ ለማስጠለል የሠሩት ቤት፣ ለልጃቸው ልጅ የመቃብር ቤት ሆነ። ይህን የምጽፈው ቀላል ነገር ሆኖ አይደለም፤ በልጅነቴ በዚያ ግድግዳ ላይ እየተንጠለጠልሁ ስጫወት ይህን ባውቅ ኖሮ ምናልባት የየኔታን ቍጣ አክብሬ እቀመጥ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የካቲት ወደ ጎንደር የገባው በዚህ የኀዘን ዘመን ነው። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ፣ የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጆች በቁስቋም ታመው ነበርና፣ ሐኪም ነው ተብሎ ወደዚህ ቤት ተጠራ። ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚናገረው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ተዘግተውና ታፍነው የነበሩትን በሮችና መስኮቶች ማስከፈት፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ ማጠን፣ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ ማሳጠብ ነበር። እነዚያ ሦስት ልጆች የምንቀመጥባቸው መስኮቶች ያን ጊዜ ስለ ሰው ነፍስ የተከፈቱ መሆናቸውን ባሰብሁ ቁጥር፣ ከንግሥና ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህ አንዱ ነገር ቤቱን ሕያው ያደርግልኛል። ከታመሙት የዳኑ ስለ ነበሩ እንግዳው ተወደደ፤ በቁስቋም ማደሪያ ተሰጠው፤ አብሮት የመጣው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን ወደ አገሩ ሳይመለስ በጎንደር ሞቶ ቀረ።

ብሩስ የሰውን ወሬ ከራሱ ዝና ጋር አዋሕዶ የሚጽፍ ሰው ስለሆነ ሁሉን አላምንለትም፤ እቴጌይቱ የፖርቱጋል ደም አለብኝ ይላሉ ያለውንም እንደ ግንቡ ወሬ እቈጥረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከልቡ የጻፈ ይመስለኛል፤ የዓባይን ምንጭ ለማየት ከኢየሩሳሌም ደጅ አልፎ መምጣቱን ሲነግራቸው፣ እቴጌይቱ እጅግ ተገርመው፣ እርሳቸው የነገሥታት እናት ሆነው ሳሉ ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ በጎልጎታ ደጅ ለምኖ አዳሪ ሆነው መሞትን ሌት ተቀን እንደሚመኙ ነገሩት። አልተፈቀደላቸውም። በ1773 አርፈው በዚያው በቁስቋም፣ በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው፤ ጥፋት ብዙ ዝርዝር የለውምና። ባለርስቶቹ ተበተኑ፣ እንጨቱ በሰበሰ፣ ጣራው ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአድባራቱ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ተጠርገው ሄዱ፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው የቀረውን አነደዱት። ቤተ ክርስቲያኑም ከእሳቱ አላመለጠም። ነገር ግን የቁስቋምን ግቢ የሚጎበኝ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በኖራና በድንጋይ የተሠራው የእቴጌይቱ አዳራሽ እስከ ዛሬ ባዶውን ሲቀር፣ እሳት የበላው የማርያም ቤት ግን እንደ ገና ተሠርቶ ይቀደስበታል፤ ካህኑ ሰዓታቱን ለመቆም፣ ምእመኑ ልጁን ለማስጠመቅ ጣራ ያስፈልገዋልና ጣራው ሲወድቅ መልሶ ያነሣዋል፤ አዳራሹን ግን ግብሩ ከቀረ፣ ጠጁ ካልተቀዳበት፣ ማን ብሎ ያነሣዋል?

የሦስቱ ነገሥታት አፅም ዛሬ በደብሩ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ለጎብኚ ይታያል። ይህን እኔ አልወደውም። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሣጥን መሆናቸው ባይከፋም፣ ኢየሩሳሌም ለመቀበር የተመኙ ሴት አጥንታቸው በገንዘብ የሚታይ ነገር መሆኑ ሥርዓት አይመስለኝም፤ ካህናቱ ግን የሚያሳዩት በአክብሮት ስለሆነ፣ ለደብሩም የሚገባለት ነገር ስላለ፣ ክርክሬን ለራሴ ይዤ ነው የምመለስ።

ደስ የሚለኝ ኅዳር 6 ቀን ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ በየሳምንቱ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ያሳለፉት መዘምራን በዚያች ዕለት ዓመት በዓሉን ሲያከብሩ፣ ከጎንደርና ከዙሪያው ገጠር የመጣው ሕዝብ ዐጸዱን ሞልቶ እስከ ግንቡ ሥር ይፈስሳል፤ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ታቦቱ እስኪገባ ስትቆም፣ እኛ ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ወደሚቈረስበት ወደ አዳራሹ ግድግዳ ጥላ እንሮጥ ነበር። በዕለቱ በዚያ ጥላ ሥር ሰው ሲበላና ሲጠጣ ሳይ፣ ያ አዳራሽ ለምን እንደ ተሠራ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልገውም ነበር።

የፋሲል ግቢና አብረውት ያሉት ሥፍራዎች፣ ቁስቋምም ጭምር፣ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ፣ አዳራሹ ጣራ ይገጠምለት አይገጠምለት የሚል ክርክር በየጊዜው ሰምቻለሁ። እኔ ቢገጠምለት አልቃወምም፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በጎንደር ግንቦች ላይ ያፈሰሱት ሲሚንቶ እንደ ገና ተነቅሎ በኖራ መተካት ያስፈለገው ድንጋዩና ሲሚንቶው ስላልተስማሙ ነበርና፣ ያ ስሕተት በቁስቋም አይደገም። ኖራው አሁንም ሊቃጠልና ሊቦካ ይችላል፤ ድንጋዩ እዚያው ወድቆ ይገኛል፤ ወጋግራ የሚሆነው ጥድና ወይራም ቢሆን በደብሩ ዐጸድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ነገር ግን ካህናቱ ከዚያ ዐጸድ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ እንደማያስቈርጡ የታወቀ ስለሆነ፣ እንጨቱን ከሌላ አገር አስጭኖ ማምጣት ግድ ይሆናል።